ሮቦቱ ግድግዳውን እያየ ለምን ይጋጫል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዳማ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከክለባችን ልጆች ጋር ባለ ሁለት ሞተር ሮቦት ሠርተናል። ቦርዱ፣ ማለትም ሮቦቱን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ነው፤ ኮዱን የጻፍነው በማይክሮፓይተን (ለእንዲህ ያሉ ትናንሽ ቦርዶች በተዘጋጀው ፓይተን) ነው። ፊቱ ላይ በድምፅ ርቀት የሚለካ ኤችሲ ኤስአር 04 ሴንሰር አለው። ዋይል ሉፑ (እየተደጋገመ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) ውስጥ ርቀቱን ይለካል። ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከ20 በታች ከሆነ ቆሞ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ሁለቱም ካልሆነ ወደፊት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ስሊፕ 2 (2 ሰከንድ ቆይ የሚል ትእዛዝ) አለ። የድምፁን መልስ የሚጠብቀው እስከ 30,000 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ይህን ከምሳሌ ኮድ ነው የወሰድነው። ሮቦቱ 2 ሜትር በ5 ሰከንድ ይሄዳል። አንዳንዴ በሙሉ ፍጥነት ሄዶ ግድግዳ ይመታል። አንዳንዴ ቀስ ብሎ ይደርስና ግድግዳውን እየገፋ ይቀራል። ሜዳ ላይ ደግሞ ፊቱ ምንም ሳይኖር ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኢፉን አራት ቦታ ደጋገምኩት (ይህ ከሆነ ያን አድርግ የሚለውን መስመር ማለቴ ነው)፤ ለውጥ የለም። ሴንሰሩ ነው ብለን ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጣን፤ ያው ነው። አንዱ ጓደኛችን የአዳማ ሙቀት ነው ይላል። ሌላው ፓይተን ቀርፋፋ ስለሆነ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ቀይሩ ይለናል። ፎር ሉፕ ብንጠቀም ይሻል ይሆን? ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

ሦስተኛ ሴንሰር እንዳትገዙ። ቋንቋውንም አትቀይሩ። ሁለት ሴንሰሮች አንድ ዓይነት ጥፋት ካጠፉ ጥፋቱ የሌላ ነው። የነገርሽኝ ሦስት ምልክቶች ከሦስት የተለያዩ ስህተቶች የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ያሉት ኮዱ ውስጥ ነው። ጥሩነቱ ምልክቶቹን ለያይተሽ መጻፍሽ ነው። «አይሠራም» ብቻ ብትይኝ ኖሮ ይህን ያህል መናገር አልችልም ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ኮዱን በፊደላችን የምጽፈው ለማንበብ እንዲቀል ነው። ኢፍ (ከሆነ)፣ ኤሊፍ (ያ ካልሆነና ይህ ከሆነ)፣ ኤልስ (ሁሉም ካልሆነ)፣ ዋይል (እስከሆነ ድረስ ድገም) የሚሉትን ቃላት ኪቦርድ ላይ እንደተለመደው በላቲን ፊደል ነው የምታስገቢያቸው።

መጀመሪያ ሙቀቱን እንጨርሰው። ጓደኛችሁ ዝም ብሎ ያመጣው ነገር አይደለም። የድምፅ ፍጥነት ከአየሩ ሙቀት ጋር በእርግጥ ይለዋወጣል። አየሩ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 32 ዲግሪ ሲሆን 351 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ይህ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በ4 ሚሊ ሜትር ስህተት ማንም ግድግዳ አይመታም። ሙቀቱን ተዉት።

የፓይተኑ ክስ ትንሽ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አንድን ስሌት በሲ ፕላስ ፕላስ ብትጽፊው ከማይክሮፓይተን ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ግን እዚህ ጊዜውን የሚበላው ስሌት አይደለም። 1 ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ ድምፁ ራሱ 6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይህን በየትኛውም ቋንቋ ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ። ሦስት ኢፍ ለማንበብ ግን ፒኮው በማይክሮፓይተንም ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ይበቃዋል። ስሊፕ 2 ደግሞ 2,000 ሚሊ ሰከንድ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ብትጽፊውም 2,000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ቋንቋ ቀይራችሁ ያንኑ ስሊፕ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ አንድ ወር ተምራችሁ ያንኑ ግድግዳ ትመታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። «ኢፉን አራት ቦታ ደጋገምኩት» ያልሽው ዓረፍተ ነገር ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው።

እናትሽ ጠዋት ስትወጣ «ዝናብ ከመጣ ልብሱን አስገቢ» ብትልሽ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይንሽ ሰማዩ ላይ ነው። «ከመጣ» የሚለው ቃል በእኛ አነጋገር ጥበቃንም ይዞ ነው የሚመጣው። እየተጠባበቅሽ ቆዪ ማለት ነው። ለዚህ ነው ብዙ ጀማሪ ኢፍን እንደ ዘበኛ የሚያስበው። አንዴ ከጻፍነው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅልን ይመስለናል። ፓይተን ግን ያንኑ ትእዛዝ የሚሰማው እንዲህ ነው፦ «አሁን፣ በዚች ቅጽበት፣ ዝናብ አለ?» የለም። አለቀ። ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ዶፍ ቢወርድ ልብሱ ይበሰብሳል እንጂ ያ ኢፍ ተመልሶ አይነቃም። የሚያነቃው ሉፑ ተሽከርክሮ እንደገና ሲደርስበት ብቻ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። «ርቀት» ብለሽ የሰየምሽው ቫሪያብል (ስም የተሰጠው የቁጥር ማስቀመጫ) ውስጥ ያለው ቁጥር በራሱ አይታደስም። ሴንሰሩን ስትጠይቂ የተመዘገበ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ሮቦቱ አንድ ሜትር ቢሄድም ቁጥሩ ያው ነው። አንቺ ያደረግሽው ምንድን ነው? አንዴ ለክተሽ በዚያው አሮጌ ቁጥር ላይ አራት ጊዜ ጠየቅሽ። አራቱም ጊዜ አንድ መልስ አገኘሽ። ስለዚህ ሦስቱን ትርፍ ኢፎች አጥፊያቸው። የሚደጋገመው መለካቱ ነው መሆን ያለበት።

እግረ መንገድሽን ደግሞ፣ ርቀቱን የምትለካው መስመር ከዋይሉ ሥር ወደ ውስጥ ገባ ብላ መጻፏን አረጋግጪ። በፓይተን የመስመሩ አጀማመር ለውበት አይደለም፤ ማን የማን ውስጥ እንደሆነ የሚነግረው እሱ ብቻ ነው። ያቺ መስመር ከዋይሉ በላይ ከቀረች ሮቦቱ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የሚለካው።

በሙሉ ፍጥነት የሚመታው በስሊፑ ነው። ስሊፕ ማለት ቦርዱ ምንም አያነብም፣ ምንም አይወስንም ማለት ነው። ሞተሩ ግን አይተኛም። የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ መሽከርከሩን ይቀጥላል። ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ የሚነዳ የባጃጅ ሾፌር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ዓይኑን 2 ሰከንድ ቢጨፍን ከ16 ሜትር በላይ ሳያይ ይሄዳል። የእናንተው ሮቦት በ5 ሰከንድ 2 ሜትር ከሄደ ፍጥነቱ በሰከንድ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። በ2 ሰከንድ 80 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ላይ እያለ ለካ እንበል። 60 ከ50 ይበልጣል። «ወደፊት» ብሎ ተኛ። ሲነቃ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። 100 ላይ እያለ ከለካ ደግሞ ሲነቃ 20 ይቀረዋል፤ ያኔ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሆነባችሁ ለዚህ ነው። ሮቦቱ አመለኛ ሆኖ ሳይሆን፣ እንቅልፉ የሚጀምርበት ቦታ በየጊዜው ስለሚለያይ ነው።

«ታዲያ ስሊፑን ጭራሽ ላጥፋው?» ትዪኝ ይሆናል። አይደለም፤ አሳጥሪው። ይህ ሴንሰር በሁለት መለኪያ መካከል ቢያንስ 60 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንዲሰጠው ይመከራል፤ አለዚያ የቀደመው ድምፅ ማስተጋባት ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በየዙሩ መጨረሻ 60 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይረፍ። በዚህ ጊዜ ሮቦታችሁ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከ80 ወደ 2.4 ሴንቲ ሜትር ወረደ ማለት ነው፤ አንድ ሳንቲም ሳታወጡ።

ግድግዳውን እየገፋ የሚቀረው ደግሞ በቅደም ተከተሉ ነው። ኢፍ፣ ኤሊፍ፣ ኤልስ አብረው ሲጻፉ ፓይተን ከላይ ወደ ታች ያነባል። የመጀመሪያውን እውነት ሲያገኝ እሱን ይሠራና የቀሩትን ሳያያቸው ያልፋል። እናንተ መጀመሪያ የጻፋችሁት «ከ50 ካነሰ ቀስ በል» ነው። ቀጥሎ «ከ20 ካነሰ ቁም»። 12 ሴንቲ ሜትር ከ20 ያንሳል፤ ግን ከ50ም ያንሳል። የመጀመሪያው በር ስለተከፈተለት ሁለተኛው ጋ አይደርስም። የቁም ትእዛዛችሁ ከተጻፈ ጀምሮ አንድም ጊዜ ተነብቦ አያውቅም። ፓይተንም አይከሳችሁም፤ ሰዋስዉ ልክ ነውና ስህተት ብሎ አይጮህም። መፍትሔው ማገለባበጥ ብቻ ነው። ጠባቡ ቅድመ ሁኔታ ከላይ፣ ሰፊው ከታች። መጀመሪያ 20፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ የቀረው ሁሉ። ለዚህ ዓይነት ኮድ ሁልጊዜ የምለው ይህ ነው፦ በጣም አደገኛው ነገር መጀመሪያ ይጠየቅ።

ሦስተኛው የሜዳው ነገር ነው። ይህን ብዙ ሰው ሳይደርስበት ይቀራል። ማይክሮፓይተን ውስጥ የድምፁን የመመለሻ ጊዜ የሚለካላችሁ ታይም ፐልስ ዩኤስ የሚባለው ፋንክሽን (ስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ ሠርቶ መልስ የሚሰጥ ዝግጁ ኮድ) ነው። 30,000 ማይክሮ ሰከንድ ጠብቅ ብላችሁታል። ይህ ወደ 5 ሜትር የሚሆን ርቀት ነው፤ ሴንሰሩ ራሱ ከ4 ሜትር በላይ እንዲለካ አልተሠራም። ሜዳ ላይ ድምፁ ሄዶ የሚመታው ነገር ሲያጣ አይመለስም። ያኔ ፋንክሽኑ ሌላ ትልቅ ቁጥር አይሰጥም። የሚሰጠው ነጌቲቭ 1 ነው። «ጠበቅሁ፤ አላለቀም» ማለቱ ነው። እናንተ ያንን ወደ ሴንቲ ሜትር ስትቀይሩት ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይወጣል። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ከ50 ያንሳል? አዎ ያንሳል። «ቀስ በል» ተባለ። ሮቦቱ ባዶ ሜዳ ላይ የማይታይ ግድግዳ አየ። ልብ በዪ፤ አሁን ቅደም ተከተሉን ስታስተካክዪ ይህ ስህተት ይብስበታል። ነጌቲቩ ከ20ም ስለሚያንስ ሮቦቱ ሜዳ ላይ ቆሞ ይዞር ጀመር ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አስተካክዪ።

ከርቀት ጥያቄዎቹ ሁሉ በላይ «መልሱ ከዜሮ በታች ነው?» የሚል ኢፍ ይግባ። ሁለት ዓይነት ነጌቲቭ አለ፤ ለያይያቸው። ነጌቲቭ 1 ከሆነ ድምፁ ወጥቷል፣ አልተመለሰም። ምናልባት ፊቱ ባዶ ነው። ምናልባት ደግሞ ጋደም ያለ ግድግዳ ድምፁን ወደ ጎን ወስዶታል፤ ወይም መጋረጃ ውጦታል። እርግጠኛ ስለማንሆን በግማሽ ፍጥነት ይሂድ፤ በሙሉ አይሂድ። ነጌቲቭ 2 ከሆነ ግን ሴንሰሩ ጭራሽ አልመለሰም። አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ወልቋል ማለት ነው። ያኔ ይቁም። ዓይኑ የወጣ ሮቦት መሄድ የለበትም።

አሁን መዞሩ ይቀረናል። ለመዞርም ስሊፕ ተጠቅማችሁ ይሆናል፤ «ቀኝ ዙር፣ ስሊፕ፣ ከዚያ ቀጥል» ዓይነት። እሱም ያው ዕውርነት ነው። እዚህ ጋ አሠራሩን መቀየር ያስፈልጋል፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሮቦቱ አሁን ምን ላይ እንዳለ የሚይዝ አንድ ቫሪያብል ፍጠሪ። «ሁኔታ» በዪው። ውስጡ ከሁለት ቃል አንዱ ይቀመጥ፦ መሄድ ወይም መዞር። (ኮምፒውተር ላይ ያለው ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። ቦርድ ላይ ለሚጫን ኮድ ግን በላቲን ጻፉት፤ ለሌላ ሰው ስታሳዩትም ይቀላል።) ሉፑ በየዙሩ መጀመሪያ ይለካል። ከዚያ ሁኔታውን ያያል። ሁኔታው መሄድ ከሆነና ርቀቱ ከ20 ካነሰ ሞተሩን ያቆማል፣ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ሁኔታውን ወደ መዞር ይቀይራል። ሁኔታው መዞር ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል። መዞር ከጀመርኩ 600 ሚሊ ሰከንድ አልፏል? ፊቴስ ከ30 በላይ ክፍት ነው? ሁለቱም እውነት ከሆኑ ወደ መሄድ ይመለሳል። ካልሆኑ መዞሩን ይቀጥላል። የትም ቦታ ረጅም ስሊፕ የለም። እየዞረም ያያል።

ሰዓቱን የምታነቢው ቲክስ ኤምኤስ በሚባለው ፋንክሽን ነው፤ የሚሊ ሰከንድ ቆጣሪ ነው። የሁለት ሰዓት ልዩነት ስትፈልጊ በተራ መቀነስ አትቀንሺ፤ ቲክስ ዲፍ የሚባለውን ተጠቀሚ። ቆጣሪው ጣሪያው ሲደርስ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ተራው መቀነስ አንድ ቀን ያሳስታል። ሌላ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ደግሞ አለ። የመዞሪያው መነሻ ሰዓት የሚመዘገበው ወደ መዞር በሚቀየርበት ቅጽበት አንዴ ብቻ ነው። በየዙሩ ከመዘገብሽው ሰዓቱ ሁልጊዜ «አሁን ጀመርኩ» ይላል፤ 600 ሚሊ ሰከንድ መቼም አይሞላም። ሮቦቱ እንደ እንዝርት ሲሽከረከር ይውላል።

መግቢያውን 20፣ መውጫውን 30 ያደረግሁት በዘፈቀደ አይደለም። ሁለቱም 20 ቢሆኑ ሴንሰሩ አንዴ 19.8፣ አንዴ 20.3 ሲያነብ ሮቦቱ ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ እያለ ይንቀጠቀጣል። በመግቢያና በመውጫ መካከል ክፍተት መተው ይህን ያጠፋዋል። 600 ሚሊ ሰከንዱን ግን በራሳችሁ ሮቦት ለክታችሁ ቀይሩት። ባትሪው ሙሉ ሲሆንና ሲደክም የሚዞረው መጠን ይለያያል። ጊዜን ብቻ አምኖ ልክ 90 ዲግሪ የሚዞር ሮቦት አትጠብቂ። ያንን ከፈለጋችሁ ጎማው ላይ ዙር የሚቆጥር ሌላ ሴንሰር ያስፈልጋል። ጥግ ውስጥ ገብቶ መውጫ ካጣም ዘለዓለም እንዳይዞር፣ 3 ሰከንድ ካለፈ ሞተሩን የሚያቆም አንድ ኢፍ ጨምሪበት።

ስለ ፎር ሉፕ የጠየቅሽው አጭር ነው። ፎር ስንት ጊዜ እንደሚደገም አስቀድሞ ለሚታወቅ ሥራ ነው። ለምሳሌ ገና ሲነሳ ቆሞ 20 ጊዜ ለክቶ ሴንሰሩ ጤነኛ መሆኑን ማየት። ሬንጅ 20 ብትዪው ከ0 እስከ 19 ይቆጥራል። ሮቦቱ ግን እስኪጠፋ ድረስ ስንት ዙር እንደሚዞር አታውቂም። ዋናው ሉፕ ዋይል ትሩ (ሳታቋርጥ ድገም ማለት ነው) ይሁን፤ የትሩ የመጀመሪያ ፊደል ትልቁ መሆኑን አትርሺ። አንዱን ነገር ግን አስጠነቅቃለሁ። «ሦስት ጊዜ ለክቼ መካከለኛውን ልውሰድ» ብለው ዋይሉ ውስጥ ፎር የሚከቱ አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚመጣ የተሳሳተ ቁጥር ይጠፋል። ነገር ግን በየዙሩ ሦስት ጊዜ 60 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ ዕውርነቱን በሦስት ያባዛዋል። በዚያ ፋንታ የመጨረሻዎቹን ሦስት ልኬቶች ሊስት (ብዙ ቁጥር በተራ የሚይዝ ዝርዝር) ውስጥ ያዢ። በየዙሩ አንድ ለኪ፣ አሮጌውን አውጪ፣ ከሦስቱ መካከለኛውን ውሰጂ። እሱም ትንሽ ያዘገያል፤ ግን ሉፑ አይቆምም። ነጌቲቮቹን ሊስቱ ውስጥ አትክተቻቸው።

ሁለተኛው ሴንሰር ደግሞ ገንዘቡ አልባከነም። ይህ ሴንሰር የሚያየው ከፊቱ ጠበብ ያለ ስፋት ነው፤ የወንበር እግር ከጎን በቀላሉ ያመልጠዋል። አንዱን ትንሽ ወደ ግራ፣ ሌላውን ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ግጠሟቸው። ያኔ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ከመዞር ይልቅ ወደ ክፍቱ በኩል መዞር ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳታስጮኋቸው። ሁለቱም የሚጮኹት በ40 ኪሎ ኸርትዝ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ድምፅ የራሱ አድርጎ ይሰማል። በየተራ ይለኩ። ኮዱን ስትጽፉም «ግራ ኦር ቀኝ < 20» ብላችሁ አትጻፉ። በአማርኛ «ግራ ወይም ቀኝ ከ20 ካነሰ» ስንል ልክ ነው። ፓይተን ግን «ግራ» የሚለውን ብቻውን ያየዋል፤ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ለእሱ እውነት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እውነት ይሆናል፤ ሮቦቱ ከቦታው አይነቃነቅም። «ግራ < 20 ኦር ቀኝ < 20» ተብሎ ሙሉውን ይጻፋል።

ምናልባት ደግሞ «በኢንፍራሬድ ሴንሰር ቀይሩት» የሚል አማካሪ ይመጣባችኋል፤ ኢንፍራሬድ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። ለእናንተ አልመክረውም። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ብዙ ኢንፍራሬድ አለው። ክፍል ውስጥ አሳምሮ የሠራ ርካሽ ኢንፍራሬድ ሴንሰር የአዳማ የቀትር ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይደነዝዛል። በድምፅ የሚለካው በፀሐይ አይሸወድም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ፤ ሁለቱንም ከኮዱ እኩል አክብዳችሁ እዩአቸው። አንደኛ፣ የተለመደው ኤችሲ ኤስአር 04 የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ በኤኮ እግሩ (መልሱን በሚያወጣበት የሽቦ ማያያዣ) የሚመልሰውም 5 ቮልት ነው። የፒኮው እግሮች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። በቀጥታ ካገናኛችኋቸው ለጊዜው ሊሠራ ይችላል፤ ቦርዱን ግን እየጎዳችሁ ነው። ከኤኮው እስከ ፒኮው እግር ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ)፣ ከዚያው እግር እስከ ግራውንድ (የጋራው ነጌቲቭ መስመር) ባለ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ፤ 5ቱ ወደ 3.3 ይወርዳል። በ3.3 ቮልት የሚሠሩ አዳዲስ ስሪቶችም አሉና የእናንተውን ጀርባ አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ኮዱ ሲሞት ሞተሩ አብሮ አይሞትም። መሀል ላይ ስህተት ቢፈጠር ወይም ከላፕቶፑ ስቶፕ ብትዪው ፓይተኑ ይቆማል፤ እግሮቹ ግን የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደያዙ ሊቀሩ ይችላሉ። ከጠረጴዛ ላይ እየነዳ የወደቀ ሮቦት አይቻለሁ፤ ወር ሙሉ የለፉበት ልጆች አጠገቡ ቆመው ነበር። ስለዚህ ሙሉውን ዋይል ትራይ በሚባለው የኮድ ክፍል ውስጥ አስገቢው፤ ከሥሩ ፋይናሊ በሚለው ውስጥ ሁለቱን ሞተሮች አቁሚ። ፋይናሊ ኮዱ በሰላምም በስህተትም ሲያበቃ የሚነበብ ክፍል ነው። ከባትሪው ላይ ደግሞ በእጅ የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑር። ኮዱ ጭራሽ ከደረቀ ፋይናሊም አይደርስምና።

የፓይተን ገደብ የት ነው ብትዪኝ፣ እዚህ አይደለም። ማይክሮፓይተን አልፎ አልፎ ሚሞሪውን ለማጽዳት ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይቆማል። በየ60 ሚሊ ሰከንዱ ለሚያይ ሮቦት ይህ አይሰማም። በሁለት ጎማ ብቻ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆም ሮቦት ለመሥራት ስትነሱ ግን ይሰማችኋል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ጉዳይ ያኔ እንነጋገራለን።

ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። የድሮውን ኮድ አትጠጋግኑት። አስቀምጡትና ባዶ ፋይል ላይ እንደገና ጻፉ፤ ሲያልቅ ከ40 መስመር ብዙ አይበልጥም። አንድ ዋይል፣ በውስጡ መለካት፣ መወሰን፣ ሞተሩን ማዘዝ፣ 60 ሚሊ ሰከንድ ማረፍ። ሞተሩን የምታዙበት መስመር ከሉፑ መጨረሻ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ አራት ቦታ ከተበተነ ማን እንዳዘዘው አታውቁም።

ስትሞክሩት መጀመሪያ ሮቦቱን መጽሐፍ ላይ አስቀምጣችሁ ጎማዎቹን አንሳፍፉ። በየዙሩ ርቀቱንና ሁኔታውን ላፕቶፑ ላይ እንዲታይ ፕሪንት አድርጉ። እጅሽን ከፊቱ ቀስ እያልሽ አስጠጊ፤ 50 ላይ ሲቀንስ፣ 20 ላይ ወደ መዞር ሲገባ፣ እጅሽን ስታነሺ ሲመለስ በቁጥር እዪው። የኤኮውን ሽቦ ንቀይ፤ መቆም አለበት። ይህ ሁሉ ካለፈ ብቻ መሬት ላይ አውርዱት። ግቢያችሁ ሲሚንቶ ላይ አምስት ጊዜ፣ አቧራው ላይ አምስት ጊዜ ወደ ግድግዳ ልቀቁት፤ ቆሞ መዞር ሲጀምር ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀረው በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉት። ጎማው አቧራ ላይ ስለሚንሸራተት ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይሆኑም። ከዐሥሩ አንዱ እንኳ ከ10 በታች ከሆነ፣ 20ውን ወደ 25፣ 30ውን ወደ 35 አሳድጉና እንደገና ዐሥር ጊዜ ልቀቁት።